ሰርግ ነው ለቅሶ? የቻይና ሰሃን ላይ ስለተሳለው ቤት

ባለፈው ክረምት ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ወዳጄ ፎቶ ላከችልኝ። ጎረቤቷ ያርድ ሴል አውጥቶ፣ ከአሮጌ መጻሕፍትና ጎማው ከተነፈሰ ብስክሌት አጠገብ ያገኘችው ሰሃን ነው። 15 ዶላር ከፍላበታለች። ሰሃኑ ዳር እስከ ዳር በሥዕል ታጭቋል። ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ፤ ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። መሃሉ ላይ አንድ ክብ አለ፤ በክቡ ዙሪያ ደግሞ አራት መደብ። ሁለቱ ላይ ሰዎች፣ ሁለቱ ላይ ወፍ፣ ቢራቢሮና አበባ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላለች፦ «መቼም አንተ የማታውቀው የለም። ይሄ ሰርግ ነው ለቅሶ?»

በጣቴ እያጎላሁ አየሁት። በረንዳ ላይ ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ ማራገቢያ ይዛለች። ሌላዋ ዘንበል ብላ ለሦስተኛዋ የሆነ ነገር ትነግራታለች። ረጅም ቀሚስ የለበሰ ሰውዬ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንድ ትንሽ ልጅ አበባ ከነግንዱ ይዞ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ የአበባ ማስቀመጫ አለ። የሚስቅ የለም፣ የሚያለቅስም የለም። መልካቸውን ላየው ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

ሰርግም ለቅሶም አይደለም አልኳት። ቤት ነው። ግን ማንም ኖሮበት የማያውቅ ቤት። «ምን ማለት ነው ደግሞ እሱ?» አለች። በዋትሳፕ ልመልስላት ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ይሄ ጽሑፍ ለእሷ የተጻፈ መልስ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዷቸው።

ከእኛው ጓዳ እንጀምር። ሲኒ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ዓረቦች ነጩንና ስሱን ዕቃ በመጣበት አገር ስም ጠሩት፣ እኛም እንዳለ ተቀበልናቸው። እንግሊዞችም ቢሆኑ የሻይ ዕቃቸውን እስከ ዛሬ «ቻይና» ይሉታል። እንግዲህ «አንድ ሲኒ ድገሚኝ» ስንል አንድ ቻይናዊ ድገሚኝ እያልን ነው። ዕቃውም ወደ እኛ አካባቢ የመጣው ዛሬ አይደለም። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ በተደረገው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ከመካከለኛው ዘመን የነበረ የቻይና ሸክላ ስብርባሪ ወጥቷል።

ጀበናና ሲኒ ቡና ላይ ጎን ለጎን ይቀርባሉ እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። ጀበና ሸክላ ነው። የሚቃጠልበት እሳት መለስተኛ ስለሆነ ገላው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፣ ውሃ ይመጥጣል። የሲኒው ዘር ፖርሴሊን ነው። እሱ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ካኦሊን የሚባል ነጭ አፈር ነው፤ ስሙን ያገኘው ቻይና ውስጥ ጂንግደዠን ከተማ አጠገብ ካለው ከጋኦሊንግ ኮረብታ ነው። ሁለተኛው ተፈጭቶና ተነጥሮ በትንንሽ ነጭ ጡብ መልክ የሚሸጥ የድንጋይ ዱቄት ነው። ሁለቱ ተቦክተው 1300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲቃጠሉ ድንጋዩ ይቀልጥና እንደ መስታወት ይሆናል። ካኦሊኑ ደግሞ አይቀልጥም፤ ቅርጹ እንዳይፈርስ ደግፎ ይይዛል። ከምድጃው የሚወጣው ዕቃ ውሃ አያስገባም፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ በጥፍር ቢመቱት እንደ ደወል ይጮኻል።

የጂንግደዠን ሸክላ ሠሪዎች ካኦሊኑን አጥንት፣ ድንጋዩን ሥጋ ይሉት ነበር። ይህን የምናውቀው እዚያ ከኖረው ከፈረንሳዊው ሚስዮናዊ ከአባ ፍራንሷ ዳንትርኮል ነው። በ1712 እና በ1722 በጻፋቸው ሁለት ረጃጅም ደብዳቤዎች የአሠራሩን ምስጢር ዘርዝሮ ወደ አገሩ ላከው። ዛሬ ቢሆን የኢንዱስትሪ ስለላ እንለዋለን። አንድ ነጋዴ የነገረውን ቀልድም ጽፏል። አውሮፓውያን ድንጋዩን ብቻ ገዝተው ወደ አገራቸው ወሰዱ፤ ሞከሩ፣ አልሆነም። ቻይናዊው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ አጥንት የሌለው ሥጋ ሊያቆሙ ፈለጉ እኮ አለ።

አውሮፓ በዚህ ዕቃ ምን ያህል እንዳበደች ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። በ1717 የጀርመኗ ግዛት የሳክሶኒ ገዥ አውግስጦስ 600 ወታደሮች ለፕሩሲያው ንጉሥ ሰጥቶ 151 የፖርሴሊን ዕቃ ወሰደ። አንድ ዕቃ አራት ወንድ ማለት ነው። የሚገርመው ያን ጊዜ የእሱ ሰዎች ማይሰን በምትባለው ከተማው ፖርሴሊን መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የራሱን እየሠራ የሰው አማረው።

አሁን ወደ ሥዕሉ እንግባ። የወዳጄ ሰሃን ላይ ያሉት ሰዎች ለምን መንትያ እንደሚመስሉ የሚገባን አሳሳሉን ስናውቅ ነው።

ዳንትርኮል አንድ ዕቃ እስኪያልቅ በ70 ሰው እጅ ያልፋል ሲባል ሰምቶ ጽፏል። ሥዕሉም ያው ነው። አንዱ ከንፈሩ ሥር ያለችውን የቀለም መስመር ብቻ ያሰምራል። አንዱ የአበባውን ቅርጽ ይነድፋል፤ ሌላው ቀለም ይሞላዋል። ተራራና ውሃ የሚሠራ አለ። ወፍና እንስሳ የሚሠራ አለ። ዕድሜውን ሁሉ የወፍ ክንፍ ሲስል የኖረ ሰው ምን ያህል እንደሚፈጥን አስቡት። እንዲህ ተሠርቶ ሰው ከሰው ባይለይ አይፈረድበትም።

እንዲህ ያለው ባለ ብዙ ቀለም ዕቃ ሁለት ጊዜ ነው እሳት የሚያየው። ሰማያዊው የኮባልት ቀለም ከመስታወታማው ልባስ ሥር ስለሚገባ ዋናውን እሳት ይችላል። ሮዝና አረንጓዴ አይችሉም፣ ይጠፋሉ። ስለዚህ ዕቃው መጀመሪያ ነጩን ይቃጠላል። ከዚያ በላዩ ላይ ይሳላል፤ ቀጥሎ ለስለስ ባለ እሳት ድጋሚ ይገባል። ጣታችሁን ብታሳልፉበት ቀለሙ ከፍ ብሎ ይሰማችኋል። ሮዝነቱን የሰጠው ደግሞ በጣም የደቀቀ ወርቅ ነው። ይህ አሠራር ቻይና ውስጥ የተስፋፋው ከ1720 አካባቢ ጀምሮ ሲሆን ቻይናዎቹ ራሳቸው «የባሕር ማዶ ቀለም» ይሉት ነበር። እንግዲህ እኛ ቻይናዊ የምንለውን እነሱ ፈረንጅ ይሉታል።

ይህ ሁለት እሳት ለንግዱ ትልቅ በር ከፈተ። ነጩን ዕቃ ጂንግደዠን ላይ ሠርቶ፣ ሥዕሉን ገዢው ደጃፍ ላይ መሥራት ተቻለ። ገዢው የነበረው በስተደቡብ፣ በወደብ ከተማዋ በካንቶን ነው፤ ዛሬ ጓንግዡ የምንላት። ነጩ ዕቃ በወንዝ፣ በሐይቅ፣ እንደገና በወንዝ ይጓዛል። መሃል ላይ ሜይሊንግ የሚባለውን የተራራ በር በሰው ትከሻ ይሻገራል። ካንቶን ሲደርስ ሠዓሊዎቹ ይጠብቁታል። ዊሊያም ሂኪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1769 አንዱን የሥዕል ቤት ጎብኝቶ ነበር። በአንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ሲስል አየ። ከመሃላቸው ያረጁ ሽማግሌዎች አሉ፤ የስድስትና የሰባት ዓመት ሕፃናትም አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እላለሁ። ሰሃኑ ላይ አበባ ይዞ የቆመውን ደልዳላ ልጅ የሳለው ምናልባት የእሱ እኩያ ነው። የተሳለው ይጫወታል፣ ሳዩ ይሠራል።

እሺ፣ ሥዕሉ ምን ይላል? የቻይና ሥዕል አንባቢ ከማንም በላይ የሚግባባው ከእኛ የቅኔ ሰው ጋር ይመስለኛል። ነገሩ ሰምና ወርቅ ነውና። ቻይንኛ ውስጥ ድምፃቸው አንድ ሆኖ ትርጉማቸው የተለያየ ቃላት ሞልተዋል። ሠዓሊው ሊስለው የማይችለውን ሐሳብ፣ ድምፁ በሚመስል ነገር ይስለዋል።

በአማርኛ ልሞክረው። ሰማንያ ቁጥር ነው። ሰማንያ የጋብቻ ውልም ነው። አንድ ሠዓሊ ሰሃን ላይ «80» ብሎ በአበባ አስጊጦ ለሙሽሮች ቢሰጥ እኛ ፈገግ እንላለን፤ ገብቶናል። አማርኛ የማያውቅ እንግዳ ግን ዋጋው መስሎት ኪሱን ይዳብሳል። የቻይናው ሰሃን በእንዲህ ዓይነት ነገር የተሞላ ነው።

የሌሊት ወፍን ውሰዱ። በእኛ ተረት ከወፎች ጋር ወፍ፣ ከአይጦች ጋር አይጥ የምትሆን ወላዋይ ናት። ቻይንኛ ስሟ «ፉ» ነው፤ መልካም ዕድልም «ፉ» ነው። ስለዚህ አምስት የሌሊት ወፍ የተሳለበት ሰሃን ምርቃት ነው፤ አምስቱን በረከት ይስጥህ ማለት ነው። ዓሣ «ዩ» ነው፤ መትረፍረፍም «ዩ»። የአበባ ማስቀመጫ «ፒንግ» ይባላል፤ ሰላምም «ፒንግ»። የወዳጄ ሰሃን ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ማስቀመጫ ለጌጥ ብቻ አይደለችም። በዚህ ቤት ሰላም ይሁን ትላለች። አራት ወቅት የሚያብቡ አበቦች አንድ ላይ ከተሰኩባት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሰላም ነው።

ድመት «ማኦ»፣ ቢራቢሮ «ዲየ»። ሁለቱ ሲገጥሙ «ማኦዲየ» ይሆናል፤ ድምፁ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላው አዛውንት ከሚባልበት ቃል ጋር አንድ ነው። ድመት ቢራቢሮ ስታባርር የምታሳየው ያቺ ደስ የምትል ሥዕል ዕድሜ ይስጥዎ ማለት ናት። ለልደት ትሰጣለች።

ልጁስ? አበባው ሎተስ ከሆነ «ሊየን» ነው፤ ትርጉሙ «ተከታትሎ» ከሚለው ቃል ጋር ይገጥማል። ብዙ ጊዜ ልጁ «ሸንግ» የሚባል በአፍ የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ይይዛል፤ እሱም ከ«መውለድ» ጋር ድምፁ አንድ ነው። ተከታትለው ይወለዱ፣ ያውም ወንዶች ይሁኑ ነው ነገሩ። ሮማን ሲሳል ምስጢሩ ቃል ላይ አይደለም፣ ፍሬው ላይ ነው፤ ብዙ ፍሬ፣ ብዙ ልጅ። ኮክ ረጅም ዕድሜ ነው። ፒዮኒ የሚባለው ያ ትልቅ ጽጌረዳ መሰል አበባ ሀብት ነው። መቶ ወንድ ልጆች በአንድ ግቢ ሲራወጡ የሚያሳይ ሥዕልም አለ፤ ማንም እናት እንዲህ ያለ ቤት እውነት አድርጋ አትመኘውም፣ ግን ምርቃት ሲሆን ይጋነናል። እኛስ «እንደ አሸዋ ያብዛህ» እንል የለ?

ሰውዬው ልብሱ ደረቱ ላይ አራት ማዕዘን ጥልፍ ካለበት ሹም ነው። ጥልፉ ላይ ያለው ወፍ ከሆነ የአስተዳደር ሰው፣ አውሬ ከሆነ የጦር ሰው። የአውሮፓ ነጋዴዎች እንዲህ ያለውን ሹም «ማንዳሪን» አሉት። ቃሉ ቻይንኛ እንዳይመስላችሁ፤ ፖርቹጋሎች ከማላይኛ ያመጡት ነው፤ ማላይኛውም ከሳንስክሪት ወስዶት ነው። ሰሃኖቹም «ሮዝ ማንዳሪን» የሚል የንግድ ስም የወጣላቸው ከዚያ ነው። የወዳጄ ዓይነት፣ መሃሉ ክብ ኖሮት ዙሪያው በየመደቡ የተከፈለው፣ «ሮዝ ሜዳሊየን» ይባላል። ከ1850ዎቹ ጀምሮ በብዛት ተሠርቶ የአሜሪካ ቤቶችን አጥለቅልቋል። ሜሪላንድ ያርድ ሴል ላይ መገኘቱ ለዚህ ነው።

ሴቶቹ ሲጫወቱ ከተሳሉ ጨዋታውም ዘፈቀደ አይደለም። ክራር መሰል ባለ ገመድ መሣሪያ መጫወት፣ ቼዝ መሰል የጠጠር ጨዋታ፣ የብሩሽ ጽሕፈትና ሥዕል፤ እነዚህ አራቱ የተማረ ሰው ሙያዎች ናቸው። ሴቶቹ እነዚህን ሲሠሩ ማሳየት ይህ ቤት የተማረ ቤት ነው ማለት ነው። በረንዳው ግድግዳ የሌለው የሚመስለው ደግሞ ሠዓሊው ሆን ብሎ ስላነሳው ነው። ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ፣ ጣሪያውን ቆርጦ፣ ውስጡን ያሳየናል። እንደ ቲያትር መድረክ ማለት ነው። በእርግጥም ብዙዎቹ ሥዕሎች መነሻቸው ቲያትርና በእንጨት ቅርጽ የታተመ የታሪክ መጽሐፍ ሥዕል ነው። የአጥር ግንብ ዘሎ ወደ ሴቲቱ ግቢ የሚገባ ወጣት ካያችሁ ሌባ አይደለም። ቻይናዎች ሁሉ የሚያውቁት የፍቅር ድራማ ላይ ያለው ተማሪ ዣንግ ነው።

ወርቁ ይህ ነው። አሁን ደግሞ ሰሙን ብቻ ይዘው ወደ አገራቸው ስለሄዱት ሰዎች እናውራ።

ከ1757 ጀምሮ የቻይና ንጉሠ ነገሥት የምዕራባውያንን የባሕር ንግድ ካንቶን ላይ ብቻ ወሰነው። ነጋዴዎቹ ከግንቡ ውጭ፣ ወንዙ ዳር ባለች አንዲት ጠባብ ሰፈር እንዲቀመጡ ተደረገ። ወደ ከተማው መግባት አይችሉም። ሚስቶቻቸውን ማምጣት አይችሉም። ቻይንኛ ማስተማር እንኳን ተከልክሏል። የንግዱ ወራት ሲያልቅ ካንቶንን ለቀው ይወጣሉ። ይህ አሠራር በ1842 ከኦፒየም ጦርነት በኋላ በተፈረመው የናንኪንግ ውል እስኪፈርስ ድረስ ቆየ። እንግዲህ አስቡት፤ ለዓመታት እየተመላለሰ የቻይናን ቤት ውስጥ የሚያሳይ ሰሃን በሺህ የሚቆጠር የሚገዛ ነጋዴ፣ አንድም ቀን የቻይና ቤተሰብ ሳሎን ገብቶ ላያውቅ ይችላል። የሚያየው የተሳለለትን ነው።

ለመርከቡ ደግሞ ፖርሴሊን የተመቸ ጭነት ነበር። ይከብዳል፣ ውሃ አያበላሸውም፣ ሽታ የለውም። ከታች ይደረደርና ዋናው ሸቀጥ፣ ሻዩ፣ ከላይ በደረቅ ይጫናል። ጌልደርማልሰን የተባለችው የሆላንድ መርከብ በጥር 1752 ደቡብ ቻይና ባሕር ላይ ሰጠመች። በ1985 ሲወጣ ሻዩ ጭቃ ሆኗል፤ ከ150,000 በላይ ሰሃን፣ ሲኒና ጎድጓዳ ሳህን ግን ታጥቦ በዓመቱ አምስተርዳም ላይ በጨረታ ተሸጠ። ብዙው ትናንት ከሱቅ የወጣ ይመስል ነበር። አሜሪካም ነፃ እንደወጣች አልቆየችም። «የቻይና እቴጌ» የተባለችው መርከብ በየካቲት 1784 ከኒውዮርክ ተነስታ በግንቦት 1785 ሻይና ፖርሴሊን ጭና ተመለሰች።

ሥዕሉን ማንበብ ያልቻለ ገዢ ምን ያደርጋል? ስም ያወጣል። ሆላንዶች ሰማያዊና ነጩ ዕቃ ላይ ያሉትን ቀጫጭን ረጃጅም እመቤቶች «ረጃጅሞቹ ላይስ» አሏቸው፤ ልክ እኛ «እነዚያ ረጃጅሞቹ አስካለዎች» እንደምንለው። አጠገባቸው የሚጫወቱትን ልጆች ደግሞ «ጅላጅሎቹ» አሏቸው። ያ ሁሉ ምርቃት፣ ያ ሁሉ «ተከታትለው ይወለዱ»፣ አምስተርዳም ሲደርስ ጅላጅል ሆኖ ቀረ።

እንግሊዞች ከስም አልፈው ታሪክ ፈጠሩ። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የቻይናን ሥዕል ቆራርጠው፣ ገጣጥመው፣ አኻያ ዛፍ፣ ድልድይ፣ ቤትና ሁለት ወፎች ያሉበት ሰማያዊ ሥዕል አወጡ። በመዳብ ላይ ተቀርጾ የሚታተም ስለሆነ ርካሽ ነው። ሥዕሉ ገበያ ላይ ከዋለ ቆይቶ፣ ማብራሪያ የሚሆን ተረት ተጻፈለት። የሹም ልጅ ከአባቷ ጸሐፊ ጋር ትዋደዳለች፤ አብረው ይጠፋሉ፤ ይሞቱና ሁለት ርግብ ይሆናሉ። በ1849 በአንድ የእንግሊዝ መጽሔት ላይ ወጣ። የጥንት የቻይና አፈ ታሪክ ነው ብለው ዛሬም የሚያወሩት ሰዎች አሉ። ቻይና ውስጥ ግን ማንም አያውቀውም ነበር። እኔ በበኩሌ አልፈርድባቸውም፤ ሥዕል ዝም ብሎ ሲያይህ ታሪክ መፍጠር የሰው ጠባይ ነው። ወዳጄስ «ሰርግ ነው ለቅሶ» ያለችው ያንኑ ልታደርግ አይደል?

የሚያስቀው የዚህ ግልባጭ መኖሩ ነው። አውሮፓውያን የራሳቸውን ቤት ሥዕል ወደ ካንቶን ልከው ሰሃን ላይ ያሠሩ ነበር። የሆላንዱ ኩባንያ በ1734 ኮርኔሊስ ፕሮንክ የሚባል ሠዓሊ ቀጠረ። የፕሮንክ ታዋቂው ሥዕል እመቤት ናት፤ አገልጋይዋ ዣንጥላ ይዛላታለች፣ ከፊታቸው የውሃ ወፎች አሉ። ፕሮንክ ቻይናን አይቷት አያውቅም፤ ቻይና እንዲህ ትሆናለች ብሎ ነው የሳለው። ያ ሥዕል ወደ ቻይና ተላከ። ሆላንድን አይቶ የማያውቅ ሠዓሊ ደግሞ ሆላንዳዊው ስለ ቻይና ያለመውን ሕልም ገለበጠ። ዋጋው አልቀመስ ስላለ ሥራው በ1740 ቆመ። የአውሮፓ ቤተሰብ ሻይ ሲጠጣ፣ ፍሬ ሲለቅም የሚያሳዩ ሌሎችም አሉ። ልብሱ ቁልፉ ሳይቀር ተገልብጧል፤ ዓይንና አፍንጫው ግን ካንቶን ቀርቷል።

የቻይና ምሁራን ይህን ሁሉ ጌጥ እንዴት ያዩት ነበር ብትሉኝ፣ ብዙም አልወደዱትም። በ1388 የወጣ አንድ የዕቃ አዋቂዎች መጽሐፍ ሰማያዊ አበባ ያለበትንና ባለ ብዙ ቀለሙን ዕቃ ጣዕሙ የወረደ ነው ብሎ አጣጥሎታል። ይህ ሮዙ ቀለም ከመምጣቱ ከ300 ዓመት በላይ በፊት ነው። ሰውዬው የወዳጄን ሰሃን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ብዙ ካየኋቸው በኋላ ዓይኔን የሚይዘው ግን የተሳለው አይደለም፤ የሌለው ነው። ወጥ ቤት የለም። እሳት የለም። ውሃ የተሸከመ የለም። ዕቃው ራሱ የተሠራው ለማዕድ ነው፤ ማዕድ ሲሠራ ግን አይታይም። ሴቶቹ ይቀመጣሉ፣ ይደገፋሉ፣ ያራግባሉ። ሲራመዱ አይታዩም። ቀሚሳቸው መሬት ድረስ ወርዶ እግራቸውን ይሸፍነዋል፤ ከታየም የጫማዋ ሹል ጫፍ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ደህና ኑሮ ያለው፣ ከቻይና ብዙኃኑ ሕዝብ ከሃን ወገን የሆነ ቤተሰብ የሴት ልጁን እግር በልጅነቷ ጠፍሮ ያስር ነበር። ሠዓሊው ሕመሙን አልሳለም፤ ምርቃት ላይ ሕመም አይነሳም። ቢሆንም ያቺ አንድ ነጥብ የምታህል የጫማ ጫፍ ከሰሃኑ ሁሉ ይበልጥ እውነት ትናገራለች።

እየቆየ ሲሄድ ደግሞ ወርቁ ከሠዓሊዎቹም እጅ እየወጣ መጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ትእዛዙ በሽ በሽ ሆነ፣ ፍጥነት ተፈለገ። ማስቀመጫዋ የተሳለችው «ሰላም» ለማለት ይሁን ያን ቦታ ለመሙላት መለየት ያስቸግራል። ገበያ ላይ ብዙ ሮዝ ሜዳሊየን ስታዩ ፊቶቹ ሁለት ነጥብና አንድ ሰረዝ ሆነው ታገኛላችሁ። የቆየውና ጥንቃቄ ያለበት ላይ ግን የልብሱ አበባ እንኳን አንድ በአንድ ይቆጠራል።

ይሄን ሁሉ በድምፅ መልእክት ቆራርጬ ላኩላት። መልሷ አጭር ነበር፦ «እሺ፣ ውድ ነው ወይ?»

ገልብጪው አልኳት። በ1890 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት አዘዘ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1891 ነው። ስለዚህ ታቹ ላይ በላቲን ፊደል «ቻይና» የሚል ካለ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ምንም ካልተጻፈበት ቀደም ያለ ሊሆን ይችላል፤ ማረጋገጫ ግን አይሆንም፣ ጽሑፍ ይፋቃል። ሁለተኛ፣ አትብዪበት። እንዲህ ያለው የላይ ቀለም እንዲቀልጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ይገባበት ነበር። ሎሚና ቲማቲም ያለበት ምግብ ደግሞ ያንን ያወጣዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥማ አይታሰብም፣ ወርቅ አለው።

የታቹን ፎቶ ላከች። ጽሑፍ የለም። ነገር ግን በጀርባው አንድ ረጅም ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁን ተሻግረው ሦስት ትንንሽ የብረት ስፌቶች ይዘውታል። ድሮ የዛሬው ዓይነት ሙጫ ሳይኖር የተሰበረ ፖርሴሊን የሚጠገነው እንዲህ ነበር። ጠጋኙ በአልማዝ ጫፍ መሰርሰሪያ በግራና በቀኝ ግማሽ ድረስ ይበሳል፤ ወደ ፊት አያሳልፍም። ከዚያ ሽቦውን አግብቶ ያጠብቀዋል። ቻይናዎች «አልማዝ ከሌለህ የፖርሴሊን ሥራ አትቀበል» የሚል ተረት አላቸው። የሰበረው ሰው ማን እንደነበረ አናውቅም፤ ግን ጥሎት አዲስ መግዛት አልፈለገም።

«እና የተሰፋ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል ማለት ነው?» አለች። ይቀንሳል አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ይሁን፣ እኔም አልሸጠውም» አለች።

ሦስት ቀን ቆይታ ሌላ ፎቶ መጣ። ሰሃኑ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ረከቦት፣ በረከቦቱ ላይ ስድስት ሲኒ። አንዱን ሲኒ አፉን ደፍታ ነው ያነሳችው፤ ታቹ ላይ «በቻይና የተሠራ» ይላል።